የቀለምወርቅ ስምንት ፕሪንተሮች

«ስድስቱንም ሆዴ ውስጥ ደብቄያቸዋለሁ!» አለች ቀለምወርቅ፤ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ሆዷን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «ይፈትሹኛ፣ አቶ ባስልዮስ! ምን ይጠብቃሉ?»

«እኔ ስለ ሆድ አላወራሁም» አለ ባስልዮስ። «የማወራው ኮምፒውተሩ ስለመሰከረው ነው። ሰባት ፕሪንተር አለ ይላል። ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ነው። ከሰባት አንድ ሲነሣ ስንት ይቀራል?»

«ለእርስዎ ነው ወይስ ለጤነኛ ሰው?»

በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው የጉናጋዶዋ ፍየል ነጋዴ ባቱሎ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነች። ባስልዮስ ዞር ብሎ ገላመጣትና ጣቱን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

«እዚህ ተጽፏል። እኔ አልጻፍኩትም።»

ጊዜው 2015 ዓ.ም.፣ ግንቦት ነው። ቦታው ጅግጅጋ ውስጥ ለቁም እንስሳት ነጋዴዎች የማጓጓዣ ፈቃድ የሚሰጥ አንድ ትንሽ ጽሕፈት ቤት። ቀለምወርቅ ዕድሜዋን የጨረሰችው በዚህ ጽሕፈት ቤት ንብረት ክፍል ነው። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የግድግዳው ሰዓት፣ ከዓመታት በፊት ሞቶ የሚቀብረው ያጣው የውሃ ማቀዝቀዣ ሳይቀር በስሟ ነው። አሁን ጡረታ ወጥታለች። ጡረተኛ ግን ብድግ ብሎ አይሄድም፤ ‹በእጁ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት የለም› ተብሎ በየክፍሉ ሊፈረምለት ይገባል። ከገንዘብ ያዡ ጀምሮ እስከ ዘበኛው ሁሉም ፈርመውላታል። የቀረው የውስጥ ኦዲተሩ የባስልዮስ ፊርማ ብቻ ነበር።

ባስልዮስ ከመሐል አገር ተዛውሮ የመጣ፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ጉድለት ያላገኘበት ቀን እንደ ሑዳዴ የሚረዝምበት ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። የሰው ቃል ግን አያምንም፤ ሰው ይዋሻል። ወረቀትም አያምንም፤ ወረቀት ይፋቃል። ኮምፒውተር ግን ዘመድ የለው፣ አበልጅ የለው፣ ጫት አይቅም፤ ምን ቸግሮት ይዋሻል? ስለዚህ በየክፍሉ እየዞረ ንብረት መቁጠሩን ትቶ ኮምፒውተሩን ከፈተና መሣሪያዎች የተዘረዘሩበትን ገጽ ከላይ ወደ ታች ወረደበት። የፕሪንተሩ ስም ሰባት ጊዜ ተደርድሯል። የመጀመሪያው በባዶ ስሙ፣ የቀሩት ‹ቅጂ አንድ›፣ ‹ቅጂ ሁለት› እየተባሉ።

ቀለምወርቅን ያንገበገባት ግን የፕሪንተሩ ነገር ብቻ አልነበረም። ሽንሌ የተዳረችው አንድ ልጇ ሶሲና የበኩር ልጇን ልትወልድ ቀኗ ገብቷል። ሌሊቱን ወገቧን ሲቆርጣት አድሮ፣ ማለዳ ባሏ ደውሎ «እማማ፣ ዛሬን የምታልፍ አይመስለኝም» ብሎ ነበር። ቀለምወርቅ ልጇን ልታርስ የገንፎ ዱቄቱንም ቅቤውንም ከሻንጣዋ ከትታ ነው ቢሮ የመጣችው። አስፈርሜ ከዚያው መናኸሪያ፣ በካራማራ አድርጌ ሐረር፣ ከሐረር ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ሽንሌ፤ ከሰዓት በኋላ ከልጄ አልጋ አጠገብ ነኝ ብላ።

ታዲያ ጥላቸው አትሄድም? እንዴት ብላ? ባስልዮስ ቁርጡን ነግሯታል። «ነገሩ ሳይጣራ ከከተማው ቢወጡ፣ ‹ንብረት ይዛ ተሰወረች› ብዬ ለመጻፍ እገደዳለሁ።» አባቷ እዚሁ ጅግጅጋ የጦር ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። በዚያ በክፉው ጦርነት ጊዜ ካራማራን በእግራቸው ሲሻገሩ፣ ግምጃ ቤቱ ከኋላቸው እየነደደ፣ ቁልፉን ግን ከአንገታቸው አላወለቁም። ሲሞቱም አንገታቸው ላይ ነበር። የእሳቸው ልጅ ፕሪንተር ሰርቃ ተሰወረች ይባል?

«ፋሩቅን ጥሩልኝ!» አለች።

ፋሩቅ የጽሕፈት ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የጅግጅጋ ልጅ ነው፤ ቀለምወርቅን በሶማልኛ እንደ አክስቱ «ኤዶ» እያለ ነው የሚጠራት። መልካም ልጅ ሆኖ ሳለ አንድ ጉድለት አለበት፤ ጥያቄ ሲጠይቁት መልሱን ትቶ ትምህርቱን ይሰጣል። ሳምቡሳ እያላመጠ ገባ፣ ስክሪኑን አየ፣ ሳቀ።

«ይቺማ ቀላል ናት፣ ኤዶ።»

ባቱሎ ይህን ስትሰማ ከፔርሙዟ ሻይ ቀዳች። ፋሩቅ ‹ቀላል ናት› ሲል ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ሰው ለረጅም ጊዜ እንደሚያስቀምጥ ታውቃለች።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለ ፋሩቅ ጣቱን በሱሪው እየጠረገ። «ኮምፒውተሩ የፕሪንተሩን ቋንቋ አያውቅም። ፕሪንተሩም የኮምፒውተሩን አያውቅም። ገመዱን ስንሰካው ፕሪንተሩ ‹እኔ የእገሌ ፋብሪካ ሥራ፣ እንዲህ ያልኩ ዓይነት ነኝ› ብሎ ይናገራል። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ‹ለዚህ እንግዳ የሚሆን አስተርጓሚ አለኝ ወይ?› ብሎ ጓዳውን ይፈትሻል። ድራይቨር የሚባለው አስተርጓሚው ነው። ካገኘው ከተኛበት ቀስቅሶ ሥራ ላይ ያስቀምጠዋል። ገመዱን ስንነቅለው ደግሞ ‹እንግዳህ ሄዷል፣ ቦታ አታጣብብ› ብሎ ወደ ጓዳው ይመልሰዋል።»

ባስልዮስ ብዕሩን አወጣ። «ይህ አስተርጓሚ የማን ቅጥር ነው?»

«የማንም አይደለም። ፕሮግራም ነው።»

«በየትኛው የሥራ መደብ?»

«አቶ ባስልዮስ፣ ሰው አይደለም።»

«እሺ፣ ቀጥል። እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።»

«ችግሩ ምንድነው፣ ይሄ ፕሪንተር ርካሽ ነው። ውስጡ የራሱ መለያ ቁጥር የለውም። ፍየል እንኳ ጆሮዋ ላይ ምልክት አላት፤ እሱ የለውም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው በገባበት በር ብቻ ነው። ዛሬ በዚህ ቀዳዳ ከሰካነው ‹እንኳን ደህና መጣህ› ይለዋል። ነገ በዚያኛው ከሰካነው ‹ይሄ ደግሞ ማነው?› ይላል። አዲስ እንግዳ ነው ብሎ አስተርጓሚውን እንደገና ይቀሰቅሳል፣ አዲስ ስም ያወጣለታል። የፊተኛውን ስም ግን አይሰርዘውም። ‹ወጣ ብሎ ነው፣ ይመለሳል› እያለ ይጠብቀዋል።»

«ወላሂ አማቴ!» አለች ባቱሎ። «አማቴ ዓይኗ ከደከመ በኋላ ልክ እንዲህ ነበረች። በጓሮ በር የገባሁ እንደሆነ ‹ይህች የማን ልጅ ናት?› ብላ ወተት ያለበት ሻይ ታስቀርብልኛለች።»

«በፊት ለፊት ስትገቢስ?» አለች ቀለምወርቅ፤ በዚያ ንዴቷ ላይ እንኳ መጠየቁን አልተወችም።

«በፊት ለፊትማ ታውቀኛለች። ምን ሻይ አለ?»

«መልካም» አለ ባስልዮስ። «አንድ ጥያቄ ብቻ። ገመዱን ከቀዳዳ ቀዳዳ የሚያዞረው ማነው?»

በየበሩ አንገታቸውን አስግገው ጭቅጭቁን ሲሰሙ የነበሩት ጸሐፊዎች አንድ በአንድ ጣራ ጣራውን ማየት ጀመሩ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚያ ክፍል ግድግዳ ላይ ሁለት የመብራት ሶኬቶች አሉ። አንዱ ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን ያበላል፤ ሌላኛው ሻይ የሚፈላበት ነው፤ እሱን መንካት ጠብ ነው። ስለዚህ የጽሕፈት ቤቱ ሰው ሁሉ ስልኩን የሚሞላው ከኮምፒውተሩ ቀዳዳ ነው። ከኋላ ስድስት፣ ከፊት ሁለት ቀዳዳ አለው። ማንም ጠዋት የመጣ እጁ የደረሰበትን ገመድ ይነቅልና የስልኩን ይሰካል። ‹የነቀልከውን መልሰህ ስካ› የሚል የጽሕፈት ቤቱ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ የት ተብሎ ግን አልተደነገገም። እንዲህ ሆኖ ፕሪንተሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል ኮምፒውተሩን ዞሮታል።

«ለስልክ ነው» አለች ቀለምወርቅ በመጨረሻ።

«ስልክ ፕሪንተር አይወልድም» አለ ባስልዮስ።

«ላሳይዎት!» አለ ፋሩቅ። ሳምቡሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ ከፊት ካሉት ሁለት አንዷን፣ የጅግጅጋ ነፋስ አቧራ የሞላባትን፣ ማንም ነክቷት የማያውቅ ቀዳዳ እፍ ብሎ አጸዳት። የፕሪንተሩን ገመድ ከኋላ ነቅሎ እዚያ ሰካው። ኮምፒውተሩ ጥርት ያለ ድምፅ አሰማ፣ ትንሽ አሰበ። ከሰባቱ ሥር አዲስ ስም ብቅ አለ።

«አዩልኝ?» አለ ፋሩቅ እጆቹን ዘርግቶ።

«አየሁ» አለ ባስልዮስ። ሰባት የሚለውን ሰርዞ ስምንት ብሎ ጻፈ። «እንግዲያው የጠፉት ሰባት ናቸው።»

«አንተ ልጅ!» ብላ ጮኸች ቀለምወርቅ። «ልታድነኝ መጥተህ አንድ ጨመርክብኝ?»

«ኤዶ፣ እኔ እኮ—»

«እጅህን ሰብስብ! ሌላ ሳትወልድብኝ እጅህን ሰብስብ!»

ስልኳ ጮኸ። የሶሲና ባል ነበር። «እማማ፣ ምጡ መጣ። ጤና ጣቢያ አስገብቻታለሁ። የት ደረሱ?» ከኋላው የሴቶች ድምፅ ይሰማል። ቀለምወርቅ ፊት ለፊቷ ያለውን የተላጠ ግድግዳ እያየች፣ «ካራማራን እየወጣን ነው፣ ልጄ። በርቺ በላት» አለች። ስልኩን ስትዘጋ ዓይኖቿ ውሃ ሞልተዋል፤ ግን ሰው ፊት የምታለቅስ ሴት አይደለችም። ሻሽዋን አጥብቃ አሰረችና ወደ ፋሩቅ ዞረች።

«የማይሰረዝ ነገር ነው ይሄ?»

«ይሰረዛል እንጂ።»

«እንግዲያው ሰርዝ! አንዱን አስቀርተህ ሁሉንም ሰርዝልኝ።»

ፋሩቅ ማውሱን ጨበጠ። ከዝርዝሩ መሐል ‹አስወግድ› የሚለውን ሊጫን ሲል ባስልዮስ እጁን ስክሪኑ ላይ ጣለ።

«የመንግሥት ንብረት በጣት ተነክቶ አይወገድም! የማስወገድ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ንብረቱን በዓይኑ ያያል፣ ባለሙያ ‹አገልግሎት አይሰጥም› ብሎ ያረጋግጣል። ከዚያ ይሸጣል፣ ይሰጣል፣ ወይም ይቀበራል።»

«ምኑን ነው የምንቀብረው?» አለች ቀለምወርቅ። «አየሩን?»

«ጉድጓዱ ከተቆፈረ ከጓሮ የሞተው ማቀዝቀዣ አብሮ ይግባ እንጂ» አለች ባቱሎ። «ሳየው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።»

ፋሩቅ ግን በባስልዮስ ክንድ ሥር አሾልኮ አራተኛውን ስም ተጭኖ ነበር። ኮምፒውተሩ አልታዘዘም። ‹መሣሪያው ሥራ ላይ ስለሆነ ማስወገድ አይቻልም› የሚል መልስ ወጣ።

ባስልዮስ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊቱ ላይ ብርሃን ወጣበት። «አየህ? እሱም ሕግ ያውቃል።»

«ሕግ አይደለም» አለ ፋሩቅ። «የተያዘ ወረቀት ስላለ ነው። አንድ ሰው በዚህ ስም እንዲታተም የላከው ወረቀት አለ። አስተርጓሚው መልእክቱን ተቀብሏል፣ እንግዳው ግን በዚያ በር አልተመለሰም። መልእክት የያዘን አስተርጓሚ ማሰናበት አይቻልም፤ እጁ ላይ ያለውን ካልጨረሰ ተነሣ ብትለው አይነሣም።» ጠጋ ብሎ አነበበ። «የማጓጓዣ ፈቃድ። ባለንብረት፣ ባቱሎ። መነሻ፣ ጉናጋዶ። ፍየል...»

ባቱሎ ሻይዋን አስቀመጠች። ቀስ ብላ ተነሣች። ግዙፍ ሴት ናት፤ ስትቆም አግዳሚው ተነፈሰ።

«የኔ ፈቃድ?»

በሩ ላይ ወዳሉት ጸሐፊዎች ዞረች።

«ከረመዳን በፊት ጀምሬ የምመላለስበት ፈቃድ? በመጣሁ ቁጥር ‹ታትሟል፣ ማን እንደወሰደው እንጃ› የምትሉኝ?»

«ኮምፒውተሩ ታትሟል ይላል እኮ» አለ ከበሩ አንድ ጸሐፊ፤ ብሎም ራሱን ሸሸገ።

«ፍየሎቼ ፈቃድ ሲጠብቁ ወለዱ! ግልገሎቹ ቀንድ አወጡ! ፈቃዴ እዚህ ተቀምጧል?» ጣቷን ስክሪኑ ላይ ወደ አራተኛው ስም ቀሰረች። «እንግዲያው ይህችን አራተኛዋን እወስዳታለሁ። ፈቃዴ በሆዷ ስለሆነ የኔ ናት። አሁኑኑ አውጥታችሁ ስጡኝ።»

«አይሆንም» አለ ባስልዮስ በቁጣ። «ግልገል በእናቱ ይሄዳል እንጂ እናት በግልገሏ አትሄድም። ይህን አንቺ ነጋዴዋ ታጪዋለሽ?»

ባቱሎ ትንሽ አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። «እሱስ እውነትህን ነው» አለች። «ቢሆንም አዋልዷት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም በአንድ ነገር ተስማሙ። ወረቀቱ እንዲወጣ ፕሪንተሩ በአራተኛው ቀዳዳ መሰካት አለበት። ፋሩቅ ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ በስልኩ መብራት የኮምፒውተሩን ጀርባ መረመረ። ቆይቶ ድምፁ ከሥር መጣ።

«ይህ ቀዳዳ ላይ ስልክ ተሰክቷል። ጥቁር፣ ቡናማ የቆዳ ልባስ ያለው። የማን ነው?»

ጸሐፊዎቹ ተያዩ። «የኔ አይደለም» አለ አንዱ። «የኔም» አለ ሌላው።

ባስልዮስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱን አትንካው። ባትሪው ሊሞት ነው። ከዋናው ቢሮ ስልክ እጠብቃለሁ።»

ቀለምወርቅ ወገቧን ያዘች። «አቶ ባስልዮስ! እርስዎም?»

«ተዛውሬ የመጣሁ ሰሞን እዚያ ላይ አንድ ገመድ ነበር፤ የምን እንደሆነ አላጣራሁም።»

«ነቅለው የት ሰኩት?»

«ሌላ ቦታ» አለ ባስልዮስ በክብር። «ሕጉ የነቀልከውን መልሰህ ስካ ነው የሚለው። መልሼ ሰክቻለሁ።»

ሳቁ ከኮሪደሩ ተነሥቶ ግቢ ድረስ ወጣ። ባስልዮስ ግን የሚያፍር ሰው አልነበረም፤ የተሳሳተ ነገር እንዳደረገ ጨርሶ አልገባውም። ስልኩን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ዝግጁ መሆኑን በእጁ አመለከተ። ፋሩቅ የፕሪንተሩን ገመድ አራተኛው ላይ ሰካ። ኮምፒውተሩ አወቀው። ደብዝዞ የነበረው አራተኛው ስም ደመቀ። ፕሪንተሩ አጓራ፣ አቃሰተ፣ ወረቀት ሳበ፤ የባቱሎ ፈቃድ ገና እንደሞቀ ወጣ።

ባቱሎ እያገላበጠች አየችው። «ጊዜው አልፏል» አለች በቀዝቃዛ ድምፅ። «ቢሆንም ቆንጆ ነው።»

ባስልዮስ ግን ወረቀቱን አላየም። ያየው ፕሪንተሩን ነው፤ ከዚያ ስክሪኑን፣ ከዚያ መልሶ ፕሪንተሩን። አንድ ትልቅ ነገር እንደገባው ሰው ቀስ ብሎ ብዕሩን አነሣ።

«አራተኛው... አለ» አለ እየጻፈ። «ይሠራል። ቀጥል።»

«ምን ልቀጥል?»

«ሦስተኛውን አቅርብ።»

ፋሩቅ ቀለምወርቅን አያት። ቀለምወርቅ ሰዓቷን አየች። «አቅርብለት» አለች።

ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ሦስተኛው ስም ነቃና በጥር ሊደረግ ለነበረ ስብሰባ የተጻፈ ጥሪ አተመ። «አለ፣ ይሠራል» አለ ባስልዮስ። ሁለተኛው የአንዱን ጸሐፊ ልጅ የሒሳብ የቤት ሥራ ተፋ፤ ልጁ በዚያ የቤት ሥራ ምክንያት ተቀጥቶ፣ ቅጣቱንም ጨርሶ፣ ክፍል አልፎ ነበር። አምስተኛው ከቀብሪበያ ለመጣ የግመል ነጋዴ የተጻፈ ፈቃድ ሰጠ። ስድስተኛው ዘበኛው በድብቅ ያስጻፈውን የእግር ኳስ ቡድን አሰላለፍ አመጣ፤ ዘበኛው ራሱን አጥቂ አድርጎ ነበር። እያንዳንዱ ሲወጣ በሩ ላይ ያሉት ያጨበጭባሉ። ከግቢው ሰዎች መጡ። ባቱሎ ሻይ አደለች። ሰባተኛው ላይ ፕሪንተሩ ትንሽ ሲንገራገጭ ባስልዮስ ትንፋሹን ዋጠ፤ ወረቀቱ ብቅ ሲል «አለ!» ብሎ ጮኸ። አንደኛውና ስምንተኛው ባዶ ስለነበሩ፣ ፋሩቅ የመሞከሪያ ገጽ አወጣላቸው።

ባስልዮስ ዝርዝሩን ደመረ። ወደ ቀለምወርቅ ሲዞር ዓይኑ ረጥቦ ነበር።

«ወይዘሮ ቀለምወርቅ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስምንቱም አሉ። ስምንቱም ይሠራሉ። አንድም አልጎደለም።»

ፋሩቅ አፉን ከፈተ። «አቶ ባስልዮስ፣ አንዱ ፕሪንተር እኮ ነው—»

«ፋሩቅ» አለች ባቱሎ ብርጭቆውን እያስጨበጠችው፣ «አፍህን ሻይ ሙላበት።»

ቀለምወርቅ ግን ዝም ማለት አልሆነላትም። የግምጃ ቤት ጠባቂ ልጅ ናት። የሌለ ነገር አስረክባ መሄድ ያለ ነገር ሰርቆ ከመሄድ በምን ይለያል? ልጇ ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ እያማጠች፣ እግሯ ወደ በሩ እየጎተታት፣ እንዲህ አለች።

«አቶ ባስልዮስ፣ እውነቱን ልንገርዎ። የተቀበልኩት አንድ ነው። ያለውም አንድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የምምለው ይህንኑ ነው።»

«ተዉ እንጂ!» አለ ባስልዮስ። «በዓይኔ አይቼ? አንድ በአንድ ሲሠሩ?»

«ያዩት አንዱን ነው። ስምንት ጊዜ።»

«ትሕትናም ልክ አለው፣ ወይዘሮ ቀለምወርቅ። አንድ ተቀብሎ ስምንት የሚያስረክብ ንብረት ያዥ በሕይወቴ አልገጠመኝም። የምስጋና ወረቀት ይገባዎታል። ኃላፊው ከስብሰባ እስኪመለሱ ይቆዩና—»

«አልቆይም!» አለች፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ልጄ ምጥ ላይ ናት። ይፈርሙልኝ። ስምንት ይበሉት፣ ስምንት መቶ ይበሉት፣ አንድ ነው ማለቴን ግን ከሥሩ ይጻፉልኝ።»

ባስልዮስ የተረታ ሰው ሳይሆን የሚሳሳ ሰው መሰለ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ‹ስምንት ፕሪንተር፣ ሁሉም የሚሠሩ፣ በክፍሉ ተገኝተዋል› ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ ‹አስረካቢዋ አንድ ነው ብላለች፤ ትሕትና ነው› ብሎ አከለበት። ፈረመ፣ ማኅተሙን እፍ አለና ረገጠበት። ቀለምወርቅ ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ ሳትጠብቅ ወረቀቱን ተቀበለችው።

«አሁን ተተኪዋ ትጠራ» አለ ባስልዮስ። «ሳሌም!»

ሳሌም የቀለምወርቅን ቦታ እንድትይዝ የተመደበች ወጣት ናት። ከጠዋት ጀምሮ በሚቀጥለው ክፍል ሆና የጠረጴዛ ቁልፎች ስትሞክር ነበር። ቁልፎቹን እንደያዘች ገባች።

«እዚህ ላይ ፈርሚ» አለ ባስልዮስ። «ስምንት ፕሪንተር መቀበልሽን።»

ሳሌም ወረቀቱን አየች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፕሪንተር አየች። ከጠረጴዛው ሥርም አጎንብሳ አየች።

«ስምንት?»

«ስምንት።»

«ሰባቱ የት አሉ?»

«እዚህ ነዋ! አሁን አይደል እንዴ ሁሉም ቆመው ያዩአቸው? ምስክር አለ!»

«አየናቸው!» አለ ከበሩ ዘበኛው። ፕሪንተሮቹን በልቡ የወደዳቸው እሱ ነው።

«እኔ አላየሁም» አለች ሳሌም፤ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ጣለቻቸው። «በዓይኔ የማየው አንድ ነው፤ የምፈርመውም ለአንድ ነው። ነገ ሌላ ኦዲተር መጥቶ ሰባቱን አምጪ ቢለኝ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

«ፋሩቅ ያስረዳሻል!»

«ቀላል ናት» አለ ፋሩቅ ሻዩን አስቀምጦ። «እንግዲህ ስሙኝ። ኮምፒውተሩ የፕሪንተሩን ቋንቋ አያውቅም—»

«እኔ ስለ ቋንቋ ጠየቅሁ? ፕሪንተር ነው የጠየቅሁት!»

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ እዚህ የመንግሥት ሥራ ነው ያለው» አለ ባስልዮስ።

«አንደኛው ቀዳዳ ላይ ልስካላትና ትይ» አለ አንዱ ጸሐፊ።

«ቆይ ስልኬ ነው እሱ ላይ ያለው!» አለ ሌላው።

«ፈቃዴን ግን ማን ነው የሚያድስልኝ?» አለች ባቱሎ። «ጊዜው ያለፈበት ፈቃድ ይዤ ነው ጉናጋዶ የምመለሰው?»

ቀለምወርቅ ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። ሻንጣዋን ከጥግ አነሣች። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች፣ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ እንደተተከለ፣ ትከሻቸውን ዘወር ዘወር አድርገው አሳለፏት። አንዷ ሴት ከኋላ ሆና አልታይ ስላላት የቀለምወርቅን ወንበር ስባ ወጣችበት።

ግቢው በር ላይ ዘበኛ አልነበረም፤ ውስጥ እየመሰከረ ነው። በሩን ራሷ ከፍታ፣ ራሷ ዘጋችው። ከመንገዱ ማዶ የሚኒባሱ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሐረር! ሐረር! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። ሻንጣዋን ተቀብሎ ከጣራ አወጣው። ገብታ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሚኒባሱም ሞልቶ ስለነበር ወዲያው ተነሣ።